የመካከለኛው ማማ ዝምታ

እንድሪስ ሲዘፍን ልጁ የምታየው አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነበር።

ይህን ያወቀው ሉባባ ትምህርት ቤት በገባችበት ሳምንት ነው። ጠባቂ የተባለውን፣ ድምፅ የሚያሰማውንና የሚከለክለውን መሣሪያ፣ ከጆሮዋ ኋላ አጥንቷ ላይ ተክለውላት መጣች። ቁስሉ ሽንብራ አያክልም፤ አላመማትምም። እሱ ወጡን እያሞቀ እንደ ልማዱ የወፍ ጥበቃውን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረ። ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ ከንፈሩን ትክ ብላ አየችው።

«አባዬ፣ ምን እያኘክ ነው?»

«ምንም አላኝክም። እየዘፈንኩ ነው።»

«አይሰማማ።»

ድምፁን ከፍ አደረገ። እንደሱ ጠባቂ ያላስተከለ ጎረቤት ግድግዳውን በቡጢ መታ። እሷ አሁንም አፉን ነበር የምታየው። ዘፈኑን ትቶ «አሁንስ?» ሲላት «አሁን ሰማሁህ» አለችና ማንኪያዋን አነሳች።

ዘፈኑ ባለቤት ነበረው። ባለቤት ያለውን ዘፈን ፈቃድ የሌለው አፍ ካወጣው ጠባቂው ዜማውን ጸጥ ያሰኘዋል፤ ተራ ንግግር ግን ያሳልፋል። አገሩ የሚኖረው እንዲህ ነው። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ አንድ ዘፈን፣ ሚዜዎቹ ሌላ፣ ልጆቹ ደግሞ ለየልባቸው ምት የተሰፋላቸውን እየሰሙ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይጨፍራሉ። ጠባቂ የሌለው ሰው በሩ ላይ ቢቆም የሚሰማው የእግር ኮቴና ትንፋሽ ነው። እንድሪስ ጠባቂ የለውም። ነገሩ ግዴታ ሲሆን ዕድሜው አልፎ ነበር፤ እንደሱ ያሉትን ያስገደዳቸው የለም። እስኪያልቁ መጠበቅ ይበቃ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሉባባ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ፈገግ ስትል አያት።

«ምን ያስቅሻል?»

«ሴትዮዋ እየጠራችኝ ነው። ልተኛ ስል ትጠራኛለች።»

«ምን ብላ?»

ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና አብራ አንጎራጎረች። የራሷን ድምፅ ራሷ አትሰማም፤ የሷም አፍ ፈቃድ የለውም። እንድሪስ ግን ሰማ።

ኧረ የማዶ ሰው፣ አለህ ወይ ከላይ፣
ወፉ ቆላ ወርዷል፣ ደመና መሳይ።

«ወይ» ከማለቷ በፊት ትንሽ ትንፋሽ ሳበች። ከሰማችው ጋር አብራ የቀዳችው ትንፋሽ ነው። እዚያ ቦታ ላይ እንዲያ የምትተነፍስ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ዘይነባ፣ ሚስቱ፣ ሉባባ ጡት ሳትጥል የሞተች እናቷ። እንድሪስ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበላትና ወጥቶ ሰገነቱ ላይ ቆመ። ድምፅዋን ለጠባቂው ማን እንደሰጠው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም።

የቆቦ ከተማ ሜዳውን በልታ እስከ ተራራው ግርጌ ሳትደርስ በፊት፣ አሁን ፎቁ የቆመበት ቦታ ማሽላ ነበር። በማሽላው ላይ ሦስት ማማዎች በአንድ መስመር ቆመው ነበር። በግራው ማማ ዘይነባ፣ በመካከለኛው እንድሪስ፣ በቀኙ ሞላልኝ። ማሽላው ሲያፈራ ወፉ ይወርዳል። ወፍ የሚጠብቅ ሰው ጎህ ሳይቀድ ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ያጮሃል፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው ደግሞ ጎረቤቱን ይጠራል። ጎረቤቱ ይመልስለታል።

አለሁ አልተኛሁም፣ ወንጭፌ በእጄ፣
ማሳችሁን ሳላይ፣ አይነጋም በደጄ።

የራሱን ጥሪ ራሱ የሚመልስ የለም። እንዲህ ያደረገ ሰው ጤናው ይጠረጠራል። ድንበር የገፋ ወይም በሐሰት የመሰከረ ሰው ሲጣራ ግን ጎረቤቱ ዝም ይለዋል። አንዴ ዝም ሲሉት ያልሰሙት ይመስለዋል። ሁለተኛው ላይ ይገባዋል። ሦስተኛውም ካልተመለሰለት ከማማው ይወርዳል፤ ማሳውም ለወፍ ይቀራል። የሚመታው የለም፣ የሚሰድበው የለም። ያ ሰው ግን ከዚያ በኋላ አገር ይለቃል እንጂ ከሰው ማዕድ አይቀርብም።

እንድሪስ መካከል ላይ ስለነበር ለሁለቱም ይመልሳል። ለዘይነባ ሲመልስ ኖሮ አገባት። ለሞላልኝ ሲመልስ ወዳጅ ያፈራ መስሎት ነበር።

ዘይነባ ከወሊድ በኋላ አልጋ ላይ ቀረች። ያን ጊዜ ሞላልኝ ድምፅ ጎተራ የሚባል አዲስ ኩባንያ ተቀጥሮ የገጠሩን ዘፈን ይሰበስብ ነበር። መቅጃውን ይዞ መጥቶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«ለልጅሽ ይቀመጥላት» አላት። «ስታድግ ትስማሽ።»

ዘይነባ ትራስ ተደግፋ ጠራች። እንድሪስ ሕፃኗን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ሞላልኝ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘው፤ የሷ ድምፅ ብቻውን ጥርት ብሎ እንዲቀዳ። እንድሪስ ዝም አለ። ዘይነባ ለመጨረሻ ጊዜ የጠራችው ጥሪ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ቀና ብላ አይታው ነበር። በሳምንቱ ሞተች።

የተቀዳው ለልጅቱ አልተቀመጠም። የጎተራው የመጀመሪያ ንብረት ሆነ። ሌላው ዘፈን ሁሉ በሱ ላይ ተከመረ። ልጅ ሁሉ የሚተኛው በሱ ነው። የዘይነባ ስም የትም የለም፤ ሞላልኝ ግን «ባለጥሪው» ተባለ፣ በየአደባባዩ ምስሉ ተሰቀለ፣ ጎተራው የበላይ አድርጎ ሾመው።

እንድሪስ አልከሰሰውም። ደጁ ሄዶም አልተጣላውም። ስለሱ ለማንም አላወራም። በአውቶቡስ ሲያልፍ ምስሉን ያየዋል፤ ካለፈ በኋላም ዞር ብሎ ያየዋል። ሴትዮዋ እናትሽ ናት ብሎ ለልጁ አልነገራትም። ቢነግራት ጎተራውን እንደ እናቷ ቤት ትወድደዋለች ብሎ ፈራ። በራሱ አፍ ዘፍኖ ባሰማት ቀን ሊነግራት ቀጠሮ ያዘ።

እስከዚያው ሌላ መንገድ ፈለገ። የመልሱን ቃል እንደ ተራ ወሬ ነገራት፤ ንግግር ስለሆነ ጠባቂው አሳለፈው። ዜማውን በእጇ አስተማራት። አንዱን መዳፏን ደረቱ ላይ፣ ሌላውን ጉሮሮው ላይ ታደርጋለች። እሱ ይዘፍናል። ዜማው ከፍ ሲል ጉሮሮው፣ ዝቅ ሲል ደረቱ ይንቀጠቀጣል።

«እንደ ድመት ነህ» ትለው ነበር።

«ዝም ብለሽ ያዢ።»

ከዚያ እጇን ወደ ራሷ ጉሮሮ ወስዳ ያንኑ መንቀጥቀጥ ትፈልጋለች። ብዙ ጊዜ ፈጀ። ጎረቤቶች ሁለቱን ግንባር ለግንባር ገጥመው ሲያዩአቸው ልጅቱ የታመመች መስሏቸው ይጠይቁ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ ሳሉ መልሱን ከነዜማው አወጣችው። ለሷ ጸጥታ ነው፤ ለሱ ግን ድምፁ ክፍሉን ሞላው። አንሶላውን ፊቱ ላይ ይዞ ቆየ።

«ልክ ነው?» አለችው።

«ልክ ነው። ብቻሽን ግን አትዝፈኚው። መልስ የሚወጣው ሰው ፊት ነው። ቀኑ ሲደርስ እነግርሻለሁ።»

«ሴትዮዋ ስትጠራኝስ?»

«ያኔም ዝም በይ።»

ሞላልኝ የመጣው ሉባባ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። እኩለ ቀን ላይ በአሳንሰር ወጥቶ በሩን አንኳኳ። ወፍሯል። ጥሩ ካፖርት ለብሷል፤ ከጆሮው ኋላ ያለው ጠባቂ ወርቅማ ነው።

«እንድሪሴ፣ አሁንም ከፍታ አትለቅም?» አለ እየሳቀ። «ማማ ለለመደ ሰው ፎቅ ምኑ ነው መቼም።»

«ግባ። ጫማህን አውልቅ።»

ሞላልኝ ጎንበስ ብሎ እያቃሰተ አወለቀ። ሉባባ ከክፍሏ ወጥታ እጅ ነሳችው።

«ደህና ነዎት?»

«ይመስገን፣ እደጊ የኔ ልጅ። አየህ አይደል፣ ቁርጥ እሷን።»

«ማንን?» አለች ሉባባ።

«ውሃ አምጪላቸውና ወደ ጥናትሽ ግቢ» አላት አባቷ።

ውሃውን አምጥታ ገባች፤ በሯን ዘጋች። ሞላልኝ ብርጭቆውን ሳይነካ በክፍሉ ዓይኑን አዞረ።

«ለምን መጣህ?» አለው እንድሪስ።

«ወንድሜ ቤት መምጣት ተከለከለ?»

«ወንድምህ መሆኔን ዛሬ አስታወስክ።»

«እንዳፌዝክ ታረጃለህ አንተ።» ሞላልኝ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «እሺ፣ ላውጣው። የምስክር ቀን ደርሷል። ዘፈን ጎተራ ውስጥ የሚቆየው ምንጩ በሕይወት ካለ ነው። ሕጉ ነው። በየአሥራ ሁለት ዓመቱ ሰው ፊት መዘፈን አለበት።»

«ዝፈነዋ።»

«ጥሪውን እጠራለሁ። መልሱ ነው ችግሩ። ያኔ ሳስመዘግብ ደንባችንን እንዳለ ጻፍኩላቸው። የሚጠራው አይመልስም፤ የሚመልሰው የጎረቤት ማማ ሰው ወይም ልጁ ነው። የከተማ ሰው እንዳያረክሰው ብዬ ነው። ኮርቼ ነበር መሰለኝ። አሁን ከጎረቤት ማማ አንተና ልጅህ ብቻ ናችሁ የቀራችሁ።»

«ማሽን አይመልስልህም?»

«ማሽኑማ ከሁለታችንም ይበልጣል። አይቆጠርም እንጂ።»

«ካልተመለሰልህስ?»

ሞላልኝ ወደ ተዘጋው በር አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስት ጊዜ እጠራለሁ። ካልተመለሰ ዘፈኑ ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለውን ድምፅ ጠባቂው ከማንም አፍ አያሳልፍም፣ ከኔም ቢሆን። የተቀዳውም ያኔውኑ ይደመሰሳል። እኔም በዚያው አበቃሁ፤ ጎተራው የያዘኝ ለዚህ ጥሪ ነው።»

እንድሪስ የውሃውን ብርጭቆ ወደሱ ገፋ አደረገው።

«ከመለስክልኝ ግን ለአፍህ ፈቃድ አስወጣልሃለሁ። ቃሌ ነው። ለልጅህ ትዘፍናለህ፣ ትሰማሃለች።»

«የዘይነባን ዘፈን ለዘይነባ ልጅ እንድዘፍን ልትፈቅድልኝ ነው።»

«እንዲህ አድርገህ አትያዘዋ፣ አቦ።»

«እንዴት ልያዘው ታድያ?»

ሞላልኝ ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ። «ሰው ሁሉ ይተኛባታል፣ እንድሪስ። ሚሊዮን ልጅ። እዚያ ማሽላ ውስጥ ብትቀር ማን ያውቃት ነበር?»

«አሁንስ ማን ያውቃታል?»

ሞላልኝ ተነስቶ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። «ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«ልጅቱንም ይዘሃት ና። ትየው።»

ትከሻውን አቅፎት ወጣ። ትመልስልኛለህ ወይ ብሎ ግን አልጠየቀውም። የማማ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም፤ ጎረቤትን በቅድሚያ መጠርጠር ነውር ነው። ካፖርትና ወርቅማ ጠባቂ ያላስለቀቀው ይህ አንድ ነገር ነበር። እንድሪስ በሩን ዘግቶ ትንሽ ፈገግ አለ። ፊቱ እንዲህ ማድረግ ረስቶ ነበርና ጡንቻው አሳከከው።

እስከ ቀኑ ድረስ አሰበበት። ቢመልስ ልጁ ትሰማዋለች። ስድስት ዓመት የለመነው ይኸው ነው። አፉን ቢዘጋ ግን የዘይነባ ድምፅ ከልጇ ጆሮ ይጠፋል። ይህንን በሚገባ ያውቅ ነበር፤ ሳያውቅ አደረገው አይባልም። ቁጭ ብሎ አንዱን ከሌላው ጋር መዘነ። ግን መመዘን በጀመረ ቁጥር ያ የተነሳ እጅ ይመጣበታል፤ የሞላልኝ እጅ፣ መዳፉ ወደሱ ዞሮ፣ ዝም በል ሲለው። ከዚያም የዘይነባ ዓይን። ሁለቱን ካየ በኋላ ሌላው ነገር ሁሉ ይቀልበታል። በሌባው ፈቃድ የሚመጣ ድምፅ ከሚመጣ ባይመጣ ይሻላል አለ። ለሉባባ ምንም አልነገራትም። የት እንደሚሄዱ ስትጠይቀው «ዘፈን ልናይ ነው» አላት።

የጎተራው አዳራሽ ጠዋት ላይ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። መድረኩ ላይ ሁለት ማማዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። እንጨቱ ፕላስቲክ ነው፤ የግራር ቅርፊት አስመስለው ቀብተውታል። በአንዱ ማማ ላይ ሞላልኝ ነጭ ለብሶ ወጣ። በሌላው እንድሪስና ሉባባ ተቀመጡ፤ ለዚያ ሰዓት የመላሽ አፍ ተፈቅዷል። ታች ጠረጴዛ ላይ ሦስት ታዛቢዎች፤ ፊት ወንበር ላይ የሞላልኝ የልጅ ልጆች፣ እግራቸውን እያወዛወዙ።

ከታዛቢዎቹ አንዷ ጎልማሳ ሴት ናት፤ እጇን አነሳች። ሞላልኝ ጠራ።

ኧረ የማዶ ሰው፣ አለህ ወይ ከላይ፣
ወፉ ቆላ ወርዷል፣ ደመና መሳይ።

ሰው ሁሉ ወደ እንድሪስ ዞረ። እንድሪስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አንዳንዱ የደንቡ አካል መስሎት ፈገግ አለ። ሞላልኝም ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ዳግመኛ ጠራ።

ሁለተኛው ላይ ገባው። እንድሪስ ይህን የሞላልኝ ፊት ላይ አየ። ፈገግታው ቦታው ላይ ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ። ሞላልኝ የማማውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ከንፈሩ «እንድሪሴ» የሚል መሰለ። የልጅ ልጆቹ ታች ያጨበጭባሉ። እንድሪስ ዓይኑን አልሰበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲያኖረው የነበረውን ነገር አሁን በዝግታ እያወጣ ይሰጠው ነበር፣ ምንም ሳያጓድል።

ሉባባ እጅጌውን ሳበችው። «አባዬ፣ ጥሪ መጣ እኮ። ጠፋህ?»

«አልጠፋኝም።»

«ሰው ፊት ነው ብለሃል። ሰው ፊት ነን።»

«ዝም በይ።»

ሞላልኝ ሦስተኛውን ጠራ። ይህን ጊዜ አልጮኸም። ሜዳው ላይ ጉም ሲተኛ እንደሚጠሩት ዝቅ አድርጎ፣ እየጎተተ ጠራ። ከአፉ እንዳለቀ እንድሪስ አጠገቡ ትንፋሽ ሲሳብ ሰማ። ልጅቱ ደረቷን ሞልታለች፤ አንድ መዳፏ ጉሮሮዋ ላይ ነው፤ ዓይኗ ተጨፍኗል። የልጅ መልስ ይቆጠራል። አንድ ስንኝ ብቻ ብትል ሞላልኝ ዳነ።

እንድሪስ እጁን ሰድዶ አፏን ያዘ።

መልሱ መዳፉ ውስጥ ወጣ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ትንፋሿ በጣቶቹ መካከል ሲገፋ ተሰማው። አለቀቀም። ልጅቱ አልታገለችውም፤ ዓይኗን ገልጣ አየችው፤ እስከ መጨረሻው ስንኝ ድረስ ግን እጁ ውስጥ ዘፈነችው። ታዛቢዋ ሰዓቷን አይታ እጇን አወረደች።

ሞላልኝ አላመነም። ለአራተኛ ጊዜ ጠራ። አዳራሹ ከዚያ በኋላ አልሰማውም፤ ማማ ላይ ቆሞ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ወፍራም ሰው ነበር የሚያዩት። የልጅ ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱ ራሱም እንዳልሰማ ያስታውቃል፤ ወርቅማውን ነገር በጣቱ እየነካካ ደጋግሞ ይጮህ ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሰማው እንድሪስ ብቻ ነው። ድምፁ አልተበላሸም። በወጣትነቱ ከቀኙ ማማ ይመጣ የነበረው ያው ድምፅ ነው። እንድሪስ አንዲት ቃል ሳያመልጠው ሰማው፤ ጣፈጠውም።

ሞላልኝ ፊቱን ወደ ማማው አዙሮ በመሰላሉ ወረደ። የሚደግፈው አልነበረም። ታዛቢዎቹ ወንበራቸውን ገፍተው ተነስተው ነበር።

ውጭ ፀሐይ ነበር። አባትና ልጅ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። ሉባባ አፏ ዙሪያ የጣት ምልክት ነበረባት። እንድሪስ ቀለል ብሎት ይራመድ ነበር፤ ከሚስቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ተራምዶ አያውቅም። ዛሬ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ሊነግራት ይችላል፤ ሞላልኝ ከመካከላቸው ወጥቷል። ከየት እንደሚጀምር እያሰበ ሳለ እሷ ቀደመችው።

«አፌን ለምን ያዝከኝ?»

«ለሱ እንዳትመልሺለት።»

«ለማን?»

«ለዚያ ሰው። የሱን ጥሪ መመለስ የለብሽም።»

«ለሱ አልነበረም» አለች ሉባባ። «እሱ ሲጠራ ሴትዮዋን ነበር የማስበው። ማታ ማታ ትጠራኛለች፤ ዝም በይ ስላልከኝ አንድ ቀንም መልሼላት አላውቅም። ዛሬ ሰው ፊት ስለሆነ የሚፈቀድ መሰለኝ።»

እንድሪስ ቆመ። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሰው እየገፋቸው ገባ።

«ግድየለም» አለች እሷ እጁን ይዛ ወደ በሩ እየሳበችው። «ዛሬም ማታ ትጠራኛለች። ዛሬ ልመልስላት፣ አባዬ?»

እንድሪስ ዝም አለ።